ከስፌት ማሽን እስከ ሚኒባስ፦ የታይሚንግ ቺንጋ ታሪክ

«የታሪክ መምህር ስለ ሞተር ምን አገባው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ ስናወራ ስለምንከርም አልፈርድባችሁም። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ አንዲት የጎማ ቀበቶ ነው። ጠዋትና ማታ የምትሳፈሩበት ሚኒባስ ያለ እሷ አይንቀሳቀስም። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙና አንብቡ።

ከመሠረቱ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምቱን ሞተር ሠራ። ሥራው አራት ነው፤ መሳብ፣ መጭመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። ይሄ ሁሉ አንዴ ሲፈጸም ከታች ያለው ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለት ለአንድ። ይህች ሒሳብ እስከ ዛሬ በባለ አራት ምት ሞተር ሁሉ ያው ናት። ሲለዋወጥ የኖረው ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኛቸው ነገር ነው።

መጀመሪያ ጥርስ በጥርስ የሚነካከስ ጊር ነበር፤ ካቴናም መጣ። ካቴና ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ ዘይት ይፈልጋል። ካምሻፍቱ ከታች ተነስቶ ቴስታታው ላይ ሲወጣ ደግሞ መንገዱ ረዘመበት።

መፍትሔው ከየት መጣ መሰላችሁ? ከስፌት ማሽን! በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ኬዝ የተባለ መሐንዲስ ለሲንጀር ስፌት ማሽን ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ሠራ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከላይ መርፌው ሲወርድ ከታች ክሩን የሚይዘው በሰዓቱ ካልደረሰ ስፌት የለም። ተራ ቀበቶ ይንሸራተታል፤ ጥርስ ያለው ግን አይንሸራተትም።

ይህን ቀበቶ በብዛት በሚመረት መኪና ሞተር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዋለው ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች አንዱ አልነበረም። ባቫርያ ውስጥ ዲንጎልፊንግ በምትባል ከተማ የእርሻ መሣሪያ ሲሠራ የኖረው ግላስ የተባለ ኩባንያ ነው። በ1961 ፍራንክፈርት ላይ ግላስ 1004 የተባለችውን መኪና አሳየ፤ በ1962 ማምረት ጀመረ። በ1966 ግን ኩባንያው ራሱ በቢኤምደብሊው ተገዛ። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ለፊያት 124 ስፖርት በሠራው ሞተር ቀበቶውን ተጠቀመበት፤ አሜሪካ ውስጥም ፖንቲያክ ተከተለ። ሐሳቡን የጀመረው ተዋጠ፣ ሐሳቡ ግን ዓለምን ዞረ። ታሪክ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። ከሩሲያ የመጣችው ላዳ የፊያት 124 ዘር ናት፤ ከ1970 ጀምሮ የተመረተችው የመጀመሪያዋ ላዳ ግን ካምሻፍቷን የምታዞረው በካቴና ነው። የብዙ ሚኒባሶቻችን ልብ የሆኑት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ እነ 3ኤል እና 5ኤል፣ በቺንጋ ነው የሚሠሩት። ቺንጋዋ ካምሻፍቱን ብቻ ሳይሆን ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፓም ታዞራለች። በነገራችን ላይ ቺንጋ፣ ፖምፓ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው።

ይህን ሁሉ እንዳነብ ያደረገኝ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። የሰው ሚኒባስ ይነዳል፤ ሠራም አልሠራም ባለቤቱ የቀን ገቢውን ይጠብቃል። አንድ ማታ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ቺንጋ አስቀይሬ መኪናው እምቢ አለኝ። ሞተሩ አልቋል፣ ቴስታታ ይውረድ እያሉኝ ነው። ትንሽ ብር ብታበድረኝ?»

ብሩን ከማሰቤ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «አሮጌው ቺንጋ ተበጥሶ ነው የቀየርከው?» አልተበጠሰም። ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋው መብራት ስለበራ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የምትበራዋ። ታዲያ መኪናው ጋራዥ የገባው በራሱ እየሄደ ነው ማለት ነው! እኛ ታሪክ ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን የክስተቶችን ቅደም ተከተል እንድንይዝ ነው። ደህና የነበረ ሞተር እጅ ከነካው በኋላ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የሚታየው እጅ የነካው ቦታ ነው።

በማግስቱ አንድ አንጋፋ መካኒክ ይዘን ሄድን። ሰውየው ሞተሪኖውን ማስነሳት ከለከለ። «ታይሚንጉ ከተዛባ እያስነሳችሁ ቫልቭ ታጣምማላችሁ» አለ። በቁልፍ፣ በእጁ፣ ቀስ እያለ ክራንክሻፍቱን ሁለት ሙሉ ዙር አዞረ። ሁለት ዙር የሆነው በዚያችው በሁለት ለአንድ ሒሳብ ነው፤ ምልክቶቹ ሁሉ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ያኔ ነው። የሚያግደው ነገር አልገጠመውም፤ ቫልቭና ፒስተን አልተጋጩም ማለት ነው። ከዚያ ምልክቶቹን አየ። የክራንክሻፍቱ ልክ ነው። የካምሻፍቱ ልክ ነው። የፖምፓው ሁለት ጥርስ ስቷል።

ሁለት ጥርስ ምን አላት እንዳትሉ። ለምሳሌ የክራንክሻፍቱ ጊር 20 ጥርስ ቢኖረው አንዷ ጥርስ 18 ዲግሪ ናት፤ ሁለቱ 36። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩ ታምቆ በሚግልባት ቅጽበት ናፍጣው ካልተረጨ አይነሳም። ቺንጋውን አውልቆ በምልክቱ አስገባ፣ መወጠሪያውን አጠበቀ፣ እንደገና ሁለት ዙር አዞሮ አረጋገጠ። ሞተሩ ትንሽ አጭሶ ተነሳ። ቴስታታው ሳይነካ ልጁ በዚያው ቀን ከሰዓት ሥራ ገባ።

ቺንጋው እየሄደ ቢበጠስ ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። ናፍጣ ሞተር ላይ ፒስተኑ ቫልቩ አጠገብ ስለሚደርስ መጋጨቱ አይቀርም ማለት ይቻላል፤ ያኔ ቴስታታ ይውረድ የሚለው እውነት ይሆናል። ስለዚህ «ተበጥሶ ነው ወይስ ሳይበጠስ?» የምትለው ጥያቄ ብዙ ሺህ ብር ታወጣለች። ቤንዚን መኪና ያላችሁ ደግሞ ሥራው ሲሠራ የተነቀለ የሴንሰር ሶኬት ተረስቶ እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ። ቪትዝ የምትነዱ አትጨነቁ፣ የእናንተ በካቴና ነው፤ ዘይቱን ብቻ በጊዜው ቀይሩ።

አንድ ነገር አደራ። ቺንጋ ስታስቀይሩ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፋችሁ ሞተሩ ክዳን ሥር ለጥፉ። መኪናውን ነገ የሚነዳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያለ ሰነድ ደግሞ ሁሉም በግምት ነው የሚሄደው። ጋራዥ የምትሠሩ ልጆቼ፣ የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ ሙሉልን። የሚኒባስ ሹፌር የምታውቁ ሼር አድርጉለት።