የጉግስ ሜዳና የሲኒማ ሸራ

በየከተማው ያለ ወጣት ዛሬ የጀግና ውጊያ ማየት ሲፈልግ ወደ ሲኒማ ቤት ይሄዳል፤ ወይም በቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ይከፍታል። የሚያየውም ተዋጊ ብዙ ጊዜ የቻይና፣ የጃፓን ወይም የአሜሪካ ሰው ነው። በዚህ የሚነቅፉት ሽማግሌዎች ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን የሸዋ ሰው ሲኒማ ከመምጣቱ አስቀድሞ የውጊያን ጥበብ እንደ ትርኢት የሚያይበት የራሱ ሜዳ ነበረውና፣ ነገሩን ከዚያ ጀምሮ መመርመር ይሻላል። የአገራችንን ዘመን እንደ ራሳችን አቈጣጠር፣ የውጭ አገሮቹን ፊልሞች ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ያ ሜዳ የጉግስ ሜዳ ነው። በበዓል ቀን ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ጋልቦ ይሸሻል፣ ሁለተኛው እየተከተለ ዘንግ ይወረውርበታል። የሚሸሸው ፈረሱን ሳያቆም ወደ ኋላው ዞሮ በጋሻው መመከት አለበት፤ ካልመከተ ዘንጉ በጀርባው ያርፋል፣ ሕዝቡም ይስቅበታል። ከዚያም ተራው ይገለበጥና አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ላየው ሰው ጨዋታ ይመስላል፤ ለፈረሰኛው ግን በጦርነት ቀን ነፍሱን የሚያተርፍበት ትምህርት ነበረ። ፈረስ እጅግ የከበረ ስለ ነበረም ታላላቆቹ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና፣ በአንጎለላ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ ተባሉ። ፎካሪውም በጌታው ፊት ቆሞ ዘራፍ ሲል ያንን ስም ጠርቶ አሽከርነቱን ይናገራል፣ የጣለውንም ግዳይ ይቈጥራል።

የአንኮበርን ዘመን የጦር ትርኢት በሰፊው ጽፎ ካቈዩት አንዱ የውጭ አገር ሰው ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. በሣህለ ሥላሴ አገር ተቀምጦ፣ ንጉሡ በመስቀል ጭፍራቸውን ሲያሰልፉ አይቶ በመጽሐፉ ተረከው። ሃሪስ ነገር ማስጌጥ የሚወድ ጸሐፊ ነውና ቃሉን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ቢሆንም የጋሻውንና የጦሩን፣ የፈረሰኛውንም ሁኔታ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ራሱ ለንጉሡ ካመጣው ገጸ በረከት መካከል 300 ነፍጥ ነበረበት። ይሁን እንጂ ነፍጥ መብዛቱ የእጅን ጥበብ ወዲያው አላጠፋውም፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ነፍጥ የያዘውም ጦርና ጎራዴ የያዘውም አብረው ነው የዘመቱት።

ፈረስ ለሌለው ደግሞ የገና ጨዋታ ነበረለት። ጫፉ በተቈለመመ ዱላ ሩሩን እየመቱ የሚሯሯጡበት ይህ ጨዋታ ጌታና አሽከር እኩል የሚሆኑበት፣ የተመታም የማይቈጣበት ነው። በ1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር፤ የሁለቱ ወገን ግብ አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ይራራቅ ነበርና ተጫዋቹ ሳይወድ ሯጭ ይሆናል። አበበ በ1952 በሮም፣ በ1957 በቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ። የቶኪዮውን ውድድር ኮን ኢቺካዋ የተባለው ጃፓናዊ በ1965 ባወጣው ፊልም ውስጥ የአበበን ፊትና እግር ረጅም ጊዜ እያሳየ አቀረበው። እንግዲህ የዓለም ሲኒማ አተኵሮ የተመለከተው የዚህ አገር ልጅ ሲዋጋ ሳይሆን ሲሮጥ ነው።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ሕዝቡም ማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው። በዚህ ስም ዛሬ ይሳቃል፤ ግን ነፍስ የሌለው ጥላ ሲዋጋና ሲሞት፣ በማግስቱም ተነሥቶ እንደ ገና ሲዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ላየ ሰው ሌላ ምን ስም ይገኝለታል?

የኢትዮጵያ ተዋጊ ራሱ በሸራው ላይ በዓለም ፊት የታየው በጣልያን ወረራ ጊዜ ነው። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በአዲስ አበባ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እየፎከረ ሲያልፍ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ቆመው ያዩ ነበር፤ የዚያ ዘመን የዜና ፊልሞችም ጋሻና ጎራዴ የያዘውን ኢትዮጵያዊ በለንደንና በፓሪስ አሳዩ። ተመልካቹ ግን ሰይፉን እንጂ ጥበቡን አላየም፤ ለእርሱ የጥንት ዘመን ሰው መስሎ ነው የታየው። ከዚያ በኋላ እነ ኃይለ ማርያም ማሞ፣ እነ አበበ አረጋይ በተጕለት፣ በመንዝና በአንኮበር ዙሪያ ገደሉን ተገን አድርገው ሲዋጉ ካሜራ የተከተላቸው የለም። አባ ገስጥ አምስቱን ዓመት ተዋግተው በ1933 አዲስ አበባ ገቡ። ለሲኒማ የሚሆን ታሪክ ቢፈለግ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንሻገር፤ በዚያ ያለው ሁኔታ ሌላ ነውና። በሻንግሃይ በ1928 ስለ ተቃጠለው የቀይ ሎተስ መቅደስ የተሠራው ፊልም ተመልካቹን ስለ ማረከ ተከታዮቹ በተራ በተራ ወጡ። በጃፓን አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 ሰባት የጥንት ወታደሮች አንድ የገበሬ መንደር ከሽፍታ ሲጠብቁ አሳየ። በሆንግ ኮንግ ደግሞ የጥንቱ የቻይና የመድረክ ጨዋታ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በመገለባበጥ፣ በሰይፍና በበትር የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበረው፤ ጃኪ ቻን የወጣው ከዚያ ነው። ብሩስ ሊ ግን የዊንግ ቹንን ትግል ከመምህር ተምሮ መጣ። በ1972 በወጣው «ፊስት ኦቭ ፊዩሪ» በሚባለው ፊልም፣ ይኸውም የቁጣ ጡጫ ማለት ነው፣ ቻይናዊ በገዛ አገሩ ወደ አትክልት ቦታ እንዳይገባ የሚከለክለውን ሰሌዳ በእግሩ መትቶ ሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት በ32 ዓመቱ ሞተ። ጣልያን በአዲስ አበባ ነጭና ጥቁርን የሚለይ ሕግ አውጥቶ እንደ ነበረ ከአባቱ የሰማ የእኛ አገር ወጣት ያን የሰሌዳ ስብርባሪ ያለ አስተርጓሚ ያስተውለዋል። የካራቴ ፊልም እየተባለ በሲኒማ ቤት፣ ኋላም በየከተማው በተከፈተው ቪዲዮ ቤት ልጆች በአግዳሚ ተቀምጠው ያዩት በዓመፅ ፍቅር ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሆንግ ኮንግ ጥበብ ከመድረክ ወደ ሸራ የሚሻገርበት ድልድይ ነበረው። የእኛስ? በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ለጦርነቱ ሕዝቡን ሲቀሰቅስ ሽለላና ፉከራን ወደ መድረክ አወጣ፤ ከዚያም በሬዲዮና በሸክላ ተሰማ። እንዲህ ስለ ሆነ የፎካሪው ድምፅ ዛሬም አለ። ጋሻ መመከቱ፣ ጦር መወርወሩ፣ የፈረሱ አያያዝ ግን በመድረክ ስለማይበቃው ከሜዳው ጋራ ቀረ። በ1973 አሜሪካውያን «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለውን ፊልም በኢትዮጵያ ሲያነሡ ለጀግናቸው በትር አስያዙት፤ ባለአገሩ ግን ከጀግናው ጀርባ የሚታይ ሕዝብ ሆነ። ኃይሌ ገሪማ በ1991 ዓ.ም. ስለ ዓድዋ ያቀረበው ፊልም ሌላ ነው፤ በሥዕል፣ በዜማና በሽማግሌዎች ቃል የቆመ የታሪክ ፊልም እንጂ የውጊያ ጨዋታ አይደለም።

ኮሪያውያን የድሮውን የእግርና የእጅ ምት ሰብስበው ቴኳንዶ የሚል ስም የሰጡት በ1947 ዓ.ም. ነው፤ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በአገራቸው መዋጋት ከጀመሩ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ምት ስም አወጡለት፣ በመጽሐፍ ጻፉት፣ መምህራንም ወደ ዓለም ሁሉ ላኩ። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ በዚህ ጨዋታ ተወዳዳሪ አቀረበች። የጉግስ ፈረሰኛ ወደ ጀርባው የሚዞርበት አዟዟር ስም አልወጣለትም። ነጭ ልብስ የለበሱ የከተማ ልጆቻችን ግን በሰልፍ ቆመው በኮሪያ ቋንቋ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» እያሉ እግራቸውን ያነሣሉ፤ ሴት በኮሪያ ሦስት ማለት ነው።