የአይጧን ትዝታ በአፍንጫዋ መጠየቅ

አልዛይመር ሥር ሳይሰድ፣ ቤተሰብም «ይረሳል» ማለት ሳይጀምር፣ የብዙ ታማሚዎች የማሽተት አቅም አስቀድሞ ይደክማል። ለምን እንደሆነ አንዱ ፍንጭ የአንጎል አወቃቀር ነው። የሽታ መልእክት እንደ እይታና እንደ መስማት የአንጎል የመልእክት ማስተላለፊያ በሆነው በታላመስ ሳያልፍ፣ ከአፍንጫ በላይ ካለው የሽታ ጉብታ በቀጥታ የትዝታ በር ወደሆነው ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ይደርሳል። በሽታው ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ስፍራዎች አንዱም ይኸው ነው።

በአይጥ ላይ የሚካሄደው ምርምር ግን ለረጅም ጊዜ የተደገፈው በዓይን ላይ ነው። የነርቭ ሳይንቲስቱ ሪቻርድ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባስተዋወቀው የገንዳ ፈተና እንስሳዋ ከገንዳው ውጪ ያሉ ምልክቶችን እያየች ውሃ ውስጥ የተደበቀውን መቆሚያ ዋኝታ ማግኘት አለባት። ካጣችው ረስታለች ይባላል። ነገር ግን አምስት የአልዛይመር ሚውቴሽኖች የተሸከመችው 5ኤክስፋድ አይጥ ከተገኘችባቸው ዝርያዎች አንዱ፣ ኤስጄኤል፣ ገና በልጅነት የሚያሳውር ዘረመል አለው። ዕድሜዋ ሲገፋም ሰውነቷ ይዝላል። ያላየችውን ምልክት ረሳች ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

አፍንጫን የሚጠይቀው ፈተና ቀላል ነው። ሁለት ዕቃዎች በሳጋቱራ ይሞላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽታ፣ እንበል ጽጌረዳና ሎሚ፣ ይደረግላቸዋል። ስኳር የሚቀበረው ግን ከአንደኛው ሽታ ጋር ብቻ ነው። ለቀናት ከሠለጠነች በኋላ፣ በፈተናው ዕለት ሁለቱም ያለ ስኳር ይቀርቡላታል። አይጧ ጢሟን እያርገበገበች ታሸታለች፤ ከዚያም በፊት እግሮቿ ሳጋቱራውን ወደ ኋላ ትጭራለች። ተመራማሪው የሚመዘግበው በየትኛው ዕቃ ስንት ሴኮንድ እንደቆፈረች ነው።

በካናዳ ሃሊፋክስ የሚገኘው የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ3 እስከ 15 ወር ዕድሜ ያላቸውን 5ኤክስፋድ አይጦች በዚሁ የሽታ ፈተና ፈትኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተመ። የሽታ ትዝታቸው ደህና ነበር። ከዚያ ቀደም፣ በ2010፣ ተመራማሪዎቹ እነ ዳንኤል ዌሰን በሌላ የአልዛይመር አይጥ ሞዴል፣ በቲጂ2576፣ ተቃራኒ የሚመስል ነገር አሳይተዋል። በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚከማቸው ፕሮቲን፣ አሚሎይድ ቤታ፣ ቀድሞ የታየው የሽታ ጉብታው ላይ ሲሆን፣ አይጦቹም የተደጋገመ ሽታን እንደ ጤነኞቹ መልመድ ተስኗቸዋል።

እኔ ሁለቱን ውጤቶች እንደ ቅራኔ አላያቸውም። ሞዴሎቹ ይለያያሉ፤ ጥያቄዎቹም እንዲሁ። አንዱ «ስኳሩ ከየትኛው ሽታ ጋር ነበር?» ይላታል፤ ሌላው «ይህን ሽታ አሁን ለይተሽዋል?» ይላታል። ስለዚህ ዓይኗ ማየቱ፣ አፍንጫዋ ማሽተቱ፣ እግሯም መታዘዙ አስቀድሞ ሳይፈተሽ «ይህች አይጥ ረስታለች» የሚል ጥናት፣ በተለይም መድኃኒት የሚመዘንበት ከሆነ፣ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።