ቻይና መንገድ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ፣ ጨጨሆን አልፎ በጋሸና በኩል ወልድያ የሚወርደውን ጎዳና የጋይንት ሰው «ቻይና መንገድ» ይለዋል። ርዝመቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ስሙን ያወጣለት ሲቆፈር ያየው ሕዝብ ነው፤ የገንዘቡ ምንጭ ግን እንዲህ በስም ብቻ አይነገርም።

መንገዱ የሚሄድበትን መሬት ያየ ሰው መሐንዲሶቹ ብዙ ምርጫ እንዳልነበራቸው ይረዳል። ከጉና ወደ ምሥራቅ ደጋው እየጠበበ ይሄድና ጨጨሆ ላይ እንደ አንገት ይቀጥናል። በስተ ሰሜን የሚወርደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በስተ ደቡብ የሚወርደው ወደ በሽሎ ነው። በዚህ ጀርባ ላይ ያልሄደ ገደል ይገባል። ከቻይኖቹ 100 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚሁ ደጋ በኩል ነበር መንገድ የቆረጡት።

የቴዎድሮስን መንገድ ነገር ከሁለት ወገን እናውቀዋለን። አንደኛው መቅደላ ላይ ታስሮ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው፤ የጻፈው አብዛኛው ከመልእክተኛ የሰማው ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበባል። ሁለተኛው በጋፋት መድፍ ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ፣ የክሪሾና ሚሲዮኑ ስዊዛዊ ቴዎፊል ዋልድማየር ነው። ንጉሡ መስከረም 1860 መጨረሻ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሱ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋሪ ጭነው፣ በጋይንት አልፈው፣ የዥጣን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ያህል መሆኑ ነው። ድንጋይ ሲፈነቀልና ዛፍ ሲቆረጥ ንጉሡ ራሳቸው ግንባር ቀደም እንደነበሩ ይነገራል፤ ይህን የሚመሰክሩት እንዳይወዷቸው በቂ ምክንያት የነበራቸው ሰዎች ናቸውና ልንጠራጠር አይገባም።

ከመድፉ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ፣ ማለትም ከውጭ ለሚመጣ ሙያና ገንዘብ፣ የሚቀርበው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቴዎድሮስ በ1858 ሚሲዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት የእጅ ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲመጡላቸው ነበር። ባለሙያዎቹ ተቀጠሩ፤ ከነመሣሪያቸው ምጽዋ ድረስ መጡ። መቅደላ የታሰሩት አውሮፓውያን ካልተፈቱ አይገቡም ተባለና እዚያው ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ምጽዋ ደግሞ በዚያን ጊዜ በግብፅ እጅ ነበረች። ዛሬ «የቴክኒክ ትብብር» የምንለው ነገር ከወደብ ሳያልፍ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ በዙላ በኩል፣ እስረኞቹን ሊያስፈታ የተላከው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ለስንቁ የባቡር ሐዲድ እየዘረጋ ገባ።

አሁን ወደ ቻይኖቹ። ኢትዮጵያና ቻይና ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረቱት ኅዳር 1963 ነው። በ1964 መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፔኪንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ የኢኮኖሚና የቴክኒክ ትብብር ስምምነትም ተፈረመ። ቻይና የሰጠችው ወለድ የሌለው ብድር 84 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደነበር ተጽፏል። ከጉብኝቱ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያ ፔኪንግ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መቀመጫዋን እንድታገኝ ድምፅ ሰጠች። አንዱ የሌላው ዋጋ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ቀኖቹ መቀራረባቸውን ግን አንባቢ ይይልኝ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፤ ውሉ አልፈረሰም። በዚሁ ብድር የመንገዱ ሥራ ከአብዮቱ በኋላ ተጀምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ። ያኔ ጠጠር ነበር፤ አስፋልት የለበሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የመንገዱ ትርጉም በወልድያ ይታያል። ከዚያ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ ይወርዳል። የጎንደርና የጎጃም ጭነት በአዲስ አበባ ወይም በአስመራ ሳይዞር ባሕር የሚደርስበት አቋራጭ ተገኘ ማለት ነው። የሚገርመው ጋይንት ላይ ድንጋይ በሚፈነዳበት ዘመን የዓለም መንግሥታት ከ1966 እስከ 1975 ድረስ የባሕር ሕግ እየተደራደሩ ነበር፤ ከነጥቦቹ አንዱ ወደብ አልባ አገሮች በጎረቤቶቻቸው በኩል የማለፍ መብታቸው ነው። ኢትዮጵያ ያኔ ባለ ባሕር ነበረች። ሕጉ በተፈረመ በ10 ዓመቱ፣ በ1985፣ ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ወደብ አልባ ሆነች፤ ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር አሰብም ተዘጋ፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሚሌ ላይ መኪናው የሚታጠፍበት አቅጣጫ ተለወጠ እንጂ ቻይና መንገድ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከዚያ ወዲህ በአልማቲ፣ በቪየና፣ በ2017 መጨረሻም በአዋዛ ስለ 32ቱ ወደብ አልባ ታዳጊ አገሮች ጉባኤ ተደርጓል። በሕዝብ ብዛት ትልቋ ኢትዮጵያ ናት። ሰነዶቹ የሚነግሩን በአብዛኛው ስለ ወደብ፣ ስለ ጉምሩክና ስለ አውራ ጎዳና ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች መዝገብ ግን ሌላ ርቀት ያሳያል። የስማዳ ከተማ ወገዳ ከቻይና መንገድ በስተ ደቡብ፣ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች መሀል ናት፤ ዋናው ጎዳና በጎኗ አልፏል። ወደ ውስጥ የሚገባውን መጋቢ መንገድ በአብዛኛው የቆፈረው ገበሬው ነው። ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ የዓለም ባንክ፣ አሜሪካና አውሮፓ በረዱት ገንዘብና እህል፣ ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት የታቀፉበት ሥራ ይህ ነበር፦ እርከን፣ ኩሬ፣ መንገድ። አንድ ሰው በወር 5 ቀን ሠርቶ 15 ኪሎ እህል ይቀበል ነበር። ስንዴው ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ ይራገፍ፣ በሚሌና በወልድያ በቻይና መንገድ ጨጨሆን ይወጣ፣ ከመጋዘን በኋላ ጆንያው በአህያ ጀርባ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ አህያዋ የምትሄድበትን ጥርጊያም የጠረገው ስንዴውን የተቀበለው ገበሬ ነው።