አባሪ ፕሮግራሞች በብሮውዘር የማይከፈቱበት ምክንያትና መፍትሔው

በመሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች ቅጽ ለመሙላት፣ ካርታ ለማየት ወይም መዝገብ ለመክፈት የሚያገለግሉ አባሪ ፕሮግራሞች ሳይከፈቱ ቀርተው በቦታቸው ባዶ ሳጥን ሲታይ፣ ችግሩ በአብዛኛው ከኮምፒውተሩ ብልሽት ሳይሆን ብሮውዘሩ ለፕሮግራሙ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ከማቋረጡ የመነጨ ነው።

ፕለግ ኢን በመባል ከሚታወቁት ከእነዚህ ፕሮግራሞች መካከል ጃቫ አፕሌት፣ ፍላሽ፣ ሲልቨርላይትና አክቲቭ ኤክስ ይጠቀሳሉ። ብሮውዘሩ ብቻውን የማይችላቸውን ተግባራት ለማከናወን የተሠሩ ቢሆንም፣ በየጊዜው የተገኙባቸው የደህንነት ክፍተቶች ለኮምፒውተር ጥቃት በር ከፍተዋል።

በዚህም ምክንያት ጉግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፋየርፎክስ ደግሞ በ2017 ከፍላሽ በስተቀር ለነባሮቹ ፕለግ ኢኖች የሚሰጡትን ድጋፍ አቋርጠዋል። አዶቤ ኩባንያ የፍላሽን ድጋፍ በ2020 መጨረሻ አብቅቶ፣ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ በፍላሽ ማጫወቻ ምንም ይዘት እንዳይከፈት አግዷል። ማይክሮሶፍትም የሲልቨርላይትን ድጋፍ በ2021፣ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ን ደግሞ በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 ዓይነቶች ላይ በ2022 አቁሟል።

ችግሩ ሲያጋጥም በቅድሚያ ገጹን በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ያስፈልጋል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የማይከፈት ከሆነ የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ማየት ተገቢ ነው። ቀኑ የተዛባ እንደሆነ ትክክለኛው የደህንነት ማረጋገጫ ጊዜው እንዳለፈበት ሊቆጠር ይችላል።

ጃቫ አፕሌት ለሚጠቀሙ ገጾች የጃቫ ስሪት መጣራት አለበት። በ2018 የወጣው ጃቫ 11 ፕለግ ኢኑን ስለማያካትት፣ አፕሌቱ የሚሠራው በጃቫ 8 ነው። አፕሌቱ በደህንነት ምክንያት ከታገደ፣ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ብቻ በጃቫ መቆጣጠሪያ ውስጥ በሚገኘው የተፈቀዱ ድረ ገጾች ዝርዝር መመዝገብ ይቻላል።

አክቲቭ ኤክስና ጃቫ አፕሌት በማይክሮሶፍት ኤጅ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሁነታ ሊከፈቱ ይችላሉ። ተጠቃሚው ራሱ የሚመዘግበው አድራሻ ከ30 ቀናት በኋላ ስለሚሰረዝ፣ የመሥሪያ ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል በማዕከል ቢመዘግበው ይመረጣል። ማይክሮሶፍት ይህን ሁነታ ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚደግፍ አስታውቋል። ይህ ዘዴ ግን ፍላሽን አይመልስም።

ገጹን ለመክፈት ሲባል «የፍላሽ ማሻሻያ» የሚል ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ አይገባም። ትክክለኛ ማሻሻያ ከቀረ ዓመታት ስላለፉ፣ በዚህ ስም የሚቀርበው ፋይል ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

አባሪ ፕሮግራሙ አለመከፈቱ በሰርቨር የተቀመጠው መረጃ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ይሁንና ከላይ የተጠቀሱት ዘዴዎች ጊዜያዊ በመሆናቸው፣ ዘላቂው መፍትሔ ድጋፉ ጨርሶ ከመቋረጡ በፊት ገጹን ያለ ፕለግ ኢን በሚሠራው ኤችቲኤምኤል 5 እንደገና ማዘጋጀት ነው።