የባክሆ ሎደር የንድፍ ለውጦችና የባለንብረቶች አመለካከት

ባክሆ ሎደር ከፊት የመጫኛ ባኬት፣ ከኋላ ደግሞ የመቆፈሪያ ክንድ ያለው ባለጎማ የግንባታ ማሽን ነው። የውሃና የፍሳሽ መስመር ቦይ ለመቆፈር፣ የመሠረት አፈር ለማውጣትና በመኪና ላይ ለመጫን በአንድነት ስለሚያገለግል፣ አንድ ማሽን ብቻ ገዝተው በሰዓት ሒሳብ የሚያከራዩ ባለንብረቶች ይመርጡታል። ለግዢው የሚውለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የቤተሰብ ጥሪት ወይም የባንክ ብድር በመሆኑ፣ የማሽኑን ንድፍ ሳይረዱ መግዛት ከባድ ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል። ይህ ጽሑፍ አዲስ ወይም ያገለገለ ባክሆ ሎደር ለመግዛት ለሚያስቡ ዜጎች መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ከትራክተር ወደ ራሱን የቻለ ማሽን

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች በእርሻ ትራክተር ላይ ክንድና ባኬት በመግጠም የተሠሩ ነበሩ። የእንግሊዙ ጄሲቢ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው ማሽን መነሻው ፎርድሰን ሜጀር የተባለው ትራክተር ነበር። ይሁን እንጂ ትራክተር የተሠራው ለመጎተት እንጂ የቁፋሮን ጫና ለመሸከም አይደለም። የአሜሪካው ኬዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ሦስቱን ክፍሎች በአንድ ፋብሪካ አዋሕዶ አቀረበ። ዛሬ በሥራ ቦታዎች የሚታየው ቅርጽ የጸናው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ጄሲቢ 3ሲኤክስ፣ በ1985 ደግሞ ካተርፒላር 416 ወደ ገበያ ከገቡ በኋላ ነው።

የኋላው ክንድ አገጣጠም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ክንዱ በማሽኑ መሐል ተተክሎ አይንቀሳቀስም፤ የመደገፊያ እግሮቹም ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ይህ ጠንካራና ጥገናው ቀላል ነው። በሁለተኛው ክንዱ በሐዲድ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ እግሮቹም ከማሽኑ ስፋት ሳይወጡ ቀጥታ ወደ ታች ይወርዳሉ። በጠባብ መንደር ውስጥ ከአጥር ሥር ቦይ ለሚቆፍር ባለንብረት ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ ለሰፊ ሜዳ ሥራ ግን የሚጨምረው ጥቅም እምብዛም ነው። የመቆፈሪያው ጥልቀት በመደበኛው ክንድ ከ4 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ተስቦ በሚረዝመው ክንድ እስከ 5.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

የመቆጣጠሪያው ለውጥ

በቀድሞዎቹ ማሽኖች ኦፕሬተሩ ረጃጅም ማንሻዎችን በክንዱ ኃይል ይገፋና ይስብ ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሁለት ጆይስቲኮች ያላቸው ሞዴሎች ተበራክተዋል። ድካሙ እጅግ ይቀንሳል። በጋቢና ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ያልተቀመጠ ባለንብረት ይህን እንደ ቅንጦት ሲቆጥረው ይሰማል፤ የደከመ ኦፕሬተር ቱቦና ግንብ እንደሚሰብር ግን መዘንጋት የለበትም። ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ ሌላ ነው፦ የጆይስቲኮቹ የእንቅስቃሴ ሥርዓት ከማሽን ማሽን ይለያያል። በአንዱ ሥርዓት የለመደ ኦፕሬተር በሌላው ላይ ሲቀመጥ ክንዱን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊያዞር ይችላል። በቦዩ ውስጥ ሠራተኛ ካለ ስሕተቱ ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰው በሌለበት ቦታ ክንዱን አንቀሳቅሶ ሥርዓቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሞተሩ

በባለንብረቶች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ክርክር የሚያስነሣው የሞተሩ ለውጥ ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የናፍጣው ፓምፕ ሙሉ በሙሉ መካኒካል ነበር፤ ቢበላሽ ፈትቶ የሚያድስ ባለሙያ በቅርብ ይገኛል። በኮመን ሬል ሞተሮች ግን ናፍጣው ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ የሚረጨውን መጠንና ጊዜ የሚወስነውም ኮምፒዩተር ነው። ጥቅሙ የነዳጅ ቁጠባና ንጹሕ ጭስ ሲሆን፣ ጉዳቱ አንድ ኢንጄክተር ወይም ሴንሰር ሲበላሽ መመርመሪያ መሣሪያ እስኪገኝ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ መቆሙ ነው። አሮጌው ይሻለናል የሚሉ ባለንብረቶች አቋም ከዚህ የመነጨ ስለሆነ ለውጥን እንደ መጥላት ሊታይ አይገባም። ሆኖም የኢንጄክተር ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቆሸሸና ውሃ ከገባበት ናፍጣ ነው። ከበርሜል በጀሪካን እየተቀዳ ነዳጅ የሚሞላበት የሥራ ቦታ ለእነዚህ ሞተሮች አይስማማም።

ሌላው ጉዳይ የጭስ ማጥሪያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገውን ደረጃ 5 የሚያሟሉ ማሽኖች የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው፤ አቅማቸው 56 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በአብዛኛው አድብሉ የተባለውን የዩሪያ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። እነዚህ የተነደፉት ሰልፈሩ እጅግ ለቀነሰ ናፍጣ ነው። ሰልፈር የበዛበት ነዳጅ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ሞተሩም ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል። አምራቾች ለሌሎች ገበያዎች ይህ ሁሉ የሌለባቸውን ሞተሮች ያቀርባሉ። በመሆኑም ስማቸውና ቀለማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ማሽኖች ፈጽሞ የተለያየ ሞተር ሊኖራቸው ይችላል፤ ገዢ ሊያነብ የሚገባው በኮፈኑ ላይ የተጻፈውን ስም ሳይሆን በሞተሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ነው።

ስለ ቱርቦ የሚነሣው ቅሬታ ግን በደጋማው የአገራችን ክፍል ብዙም አያስኬድም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ይህ አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። ቱርቦ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሸፍናል፤ የሚጠይቀውም ንጹሕ ዘይትና ሞተሩን ከማጥፋት በፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ያለጭነት ማስነሣት ነው።

ከግዢ በፊት

ገዢው የቻሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሰነዶቹ ጋር ማመሳከር፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሣ ማየት፣ ከዚያም ማሽኑን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በእውነተኛ ቁፋሮ መፈተን አለበት። የሰዓት ቆጣሪው ሊለወጥ ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም፤ የክንዱ መጋጠሚያዎች መላላት፣ የፔዳሎቹ መበላትና የሐዲዱ መያዣዎች ዘይት ማፍሰስ የማሽኑን ዕድሜ ይበልጥ ያሳያሉ። የጥላሸት ማጣሪያው ተነቅሎ የተሸጠ ማሽን ከሆነ፣ የሞተሩ ኮምፒዩተር በምን መልኩ እንደተስተካከለ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።