የጌዴኦ ዩባና ወደ ተማሪዎች የሚመለስ ተመራቂ

ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ለተማሪዎች የጥናት ቡድን አማካሪ ሆኖ ሲመለስ፥ ድርሻው እስከ ምን ድረስ ነው? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያስገደደን ዲላ ላይ የተገለጠልን የገዛ ስሕተታችን ነው።

እንደሚታወቀው የጌዴኦ ሕዝብ ባሌ በሚባለው ሥርዓቱ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ይረካከባል። በሥልጣን ላይ ያለው ሉባ፥ ያስረከበው ዩባ ይባላል። እኛ ተማሪ ሳለን በአስተርጓሚ ጠይቀን፥ ዩባ ማለት «ጡረታ የወጣ» ማለት ነው ብለን ጽፈን ነበር። ተመርቀን አማካሪ ሆነን በተመለስን ጊዜ ግን ጌዴኡፋ አፍ መፍቻቸው የሆነ ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ በሶንጎ ለተቀመጡ ሽማግሌዎች በቋንቋቸው አቀረቡ። መልሱም ጽሑፋችንን አፈረሰው፤ ዩባ አዛዥነቱን ይተዋል እንጂ ሸንጎውን አይተውም። ሲጠየቅ ይመክራል፤ የሚመራው ግን ተረኛው ነው።

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ተማሪ ወደ ገጠር መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው መጽሔት ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ልማድ ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ሲያልቅ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ይመልሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው፥ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዲላ ትምህርት ቤት ግን ጠያቂውንና ተጠያቂውን ጎረቤት አድርጓቸዋል። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ከታተመ በኋላም ቢሆን ተመልሶ ማረም ይቻላል።

እንሰቱና ቡናው ከአገር በቀል ዛፎች ጋር ተጠላልፈው የሚበቅሉበት የጌዴኦ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ጌዴኦ የሚጻፈውን የሚያነብ በዝቷል፤ ስሕተትም የዚያኑ ያህል ይሰራጫል።

እንግዲህ ተመላሹ አማካሪ አስቀድሞ የድሮ ደብተሩን ከነስሕተቱ ለተማሪዎቹ ያስረክብ። ጥያቄውን እነርሱ ይጠይቁ፤ እርሱ ሲጠየቅ ይመልስ። እኛም «ጡረታ የወጣ» ያልነውን በዚህ ጽሑፍ ሰርዘናል።