ስሙ የጠፋበት ወይን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። የወይን ተክልን ስም የሚያወጣው ግን ገበሬ ነው፤ ገበሬም ሊሳሳት ይችላል። በደቡብ አሜሪካዊቷ ቺሊ አንድ የወይን ዝርያ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሌላ ዝርያ ስም ሲጠራ፣ ሲለቀምና ሲጠመቅ ኖሯል። ስሙ በመሳሳቱም ጣዕሙ ተበላሽቶ ነበር።

የታሪኩ መነሻ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው የቦርዶ አገር ነው። በዚያ የሚበቅሉት ጥቁር ወይኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ካበርኔ ሶቪኞ ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ስለዚህም ጠጁ ምላስን የሚያኮማትር፣ የጥቁር እንጆሪና የዝግባ መዓዛ ያለው፣ ለብዙ ዓመታት ቢቀመጥ የሚሻሻል ነው። ሜርሎ ግን ቀድሞ የሚደርስ ሲሆን ጠጁ ለስላሳና የበሰለ ፕሪም የሚሸት ነው። ካበርኔ ፍራን ደግሞ ከሁለቱ ቀለል ይላል፤ የቅጠላ ቅጠል ሽታም አለው። ከእነዚህ ጎን ካርሜኔር የሚባል ዝርያ ይበቅል ነበር። ስሙ ደማቅ ቀይ ቀለምን ከሚያመለክት የፈረንሳይኛ ቃል የተገኘ ነው፤ ቅጠሉ በመከር ወራት ይቀላልና።

በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት ከሰሜን አሜሪካ ከመጡ የወይን ችግኞች ጋር ፈረንሳይ ገባች። ነፍሳቷ የወይኑን ሥር እየመጠጠች ግንዱን ስለምታደርቀው፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የአውሮፓ የወይን ማሳ አብዛኛው ወደመ። ብዙ ከተሞከረ በኋላ የተገኘው መፍትሔ የአውሮፓውን ቅርንጫፍ ነፍሳቷን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማጣበቅ ነበር። ማሳው እንደ ገና ሲተከል ግን ገበሬው መረጠ። ካርሜኔር በቀዝቃዛና ዝናባማ ጸደይ አበባውን ያረግፋል፤ ፍሬውም ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ የቦርዶ ገበሬዎች ካበርኔንና ሜርሎን መልሰው ሲተክሉ ካርሜኔርን ተዉት። ከጊዜ በኋላም ዝርያው እንደ ጠፋ ተቆጠረ።

ይሁን እንጂ ከወረርሽኙ አስቀድሞ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ የቺሊ ባለጸጎች ከቦርዶ የወይን ችግኝ አስመጥተው ነበር። ከችግኞቹ መካከል ካርሜኔርም ነበረበት። ቺሊን በምሥራቅ የአንዲስ ተራሮች፣ በምዕራብ ውቅያኖስ፣ በሰሜን የአታካማ በረሃ ስለሚከልሏት ፊሎክሴራ አልደረሰባትም። ደረቁ የአየር ጠባይዋም ለካርሜኔር ተስማማው። ነገር ግን ቅጠሉ ከሜርሎ ጋር ስለሚመሳሰል ሁለቱ በአንድ ማሳ ተደባልቀው «ሜርሎ» በሚል አንድ ስም ይጠሩ ጀመር።

ጉዳቱ የታየው በጣዕሙ ላይ ነው። ካርሜኔር ከሜርሎ ብዙ ሳምንታት ዘግይቶ ይበስላል። ገበሬው ሁሉንም በሜርሎ ቀን ሲለቅም ካርሜኔሩ ጥሬ ሆኖ ይገባ ነበር። ጥሬው ፍሬ ደግሞ የፈረንጅ ቃርያን ሽታ የሚሰጥ ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል፤ ይህም የሚቀንሰው ፍሬው ፀሐይ እያገኘ ሲበስል ነው። በዚህ የተነሣ የቺሊ «ሜርሎ» ቃርያ ቃርያ ይላል እየተባለ ይታማ ነበር። ሐሜቱ የወደቀው በአፈሩና በጠማቂው ላይ ቢሆንም፣ ጥፋቱ የስሙ ነበር።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1994 የወይን ዝርያ አዋቂው ፈረንሳዊ ዣን ሚሼል ቡርሲኮ በማይፖ ሸለቆ በሚገኝ ካርሜን በተባለው የወይን ድርጅት ማሳ ሲዘዋወሩ በአበቦቹ ፊት ቆሙ። የአበባ ብናኝ የሚሸከሙት ክሮች እንደ ሜርሎ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ጠመዝማዛ ነበሩ። ተክሉ ሜርሎ ሳይሆን ጠፋ የተባለው ካርሜኔር መሆኑንም አስታወቁ። ለቺሊ ጠማቂዎች ዜናው ደስታም ሥጋትም ነበር፤ ሜርሎ በዓለም ገበያ የታወቀ ስም ሲሆን ካርሜኔርን የሚያውቀው ጥቂት ነውና። ሆኖም ዝርያዎቹን ለይተው በየጊዜያቸው መልቀም ሲጀምሩ ጠጁ ተለወጠ። በሚገባ የበሰለ ካርሜኔር የጥቁር ፍሬ፣ የቸኮሌትና የቅመም መዓዛ ያለው፣ ከካበርኔ ሶቪኞ ይልቅ ለጉሮሮ የለሰለሰ ነው። ዛሬ የቺሊ መታወቂያ ሆኗል።

በኋላ የተደረገው የዘረመል ምርመራ የስሕተቱን ሥር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ካበርኔ ሶቪኞ የካበርኔ ፍራንና የሶቪኞ ብላን ልጅ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያም ሜርሎና ካርሜኔር ሁለቱም ከካበርኔ ፍራን የተወለዱ ሆነው ተገኙ። የቺሊ ገበሬ ያደባለቃቸው ወንድማማቾችን ነበር።

ከዚህ ቤተሰብ የተወሰኑት ወደ ምሥራቅ አፍሪካም መጥተዋል። መሠረቱ ቦርዶ የሆነው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ አቅራቢያ፣ ሜርሎንና ካበርኔ ሶቪኞን ቁንዶ በርበሬ ከሚሸተው ሲራና ከነጩ ሻርዶኔ ጋር አስተክሎ፣ በ2014 የመጀመሪያውን ጠጅ ለገበያ አቅርቧል። ለዚህም አፈር የካርሜኔር ታሪክ ትምህርት አለው፤ የሚበቅለውን በትክክለኛ ስሙ ያላወቀ ገበሬ፣ የሚለቅምበትንም ቀን አያውቅም።